መዋያና ማደሪያ፦ ክሬኖች በሁላ ሸለቆ ምን ይመርጣሉ?

ክሬን የተባለው ወፍ በየዕለቱ ሁለት ቤት ያስፈልገዋል፤ አንዱ መዋያው፣ ሌላው ማደሪያው ነው። የሁለቱ ጠባይ ፈጽሞ አይገናኝም። መዋያው ፍሬ የወደቀበት ደረቅ ማሳ ነው። ማደሪያው ደግሞ እግር እንጂ ሆድ የማያርስ ውሃ ነው። በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ለመብረር የተነሣ ወፍ መንገድ ላይ አንድን ሸለቆ ለማረፊያ ሲመርጥ፣ ማሳውን ለብቻው ወይም ውሃውን ለብቻው አይመዝንም። የሚመዝነው በሁለቱ መካከል ያለውን ርቀት ነው።

ይህን በግልጽ የሚያሳይ ቦታ በሰሜን እስራኤል አለ፤ ሁላ ሸለቆ ይባላል። በምሥራቅ በጎላን ከፍታ፣ በምዕራብ በንፍታሌም ተራሮች የታጠረ፣ የዮርዳኖስ ወንዝ የሚያልፍበት ለም ሜዳ ነው። ዝዋይን፣ ላንጋኖንና አባያን በወገቡ የያዘው ታላቁ ስምጥ ሸለቆ ወደ ሰሜን ሲዘልቅ ሁላንም ይዞ ያልፋል። በየዓመቱ መስቀል ካለፈ በኋላ ከፊንላንድ፣ ከባልቲክ አገሮችና ከምዕራብ ሩሲያ የተነሡ ክሬኖች በአሥር ሺዎች ወደዚህ ሜዳ ይወርዳሉ። ከፊሎቹ ስንቃቸውን ሰንቀው ወደ ሱዳንና ወደ ኢትዮጵያ ይቀጥላሉ። ከፊሎቹ ግን ጉዞውን ትተው እዚያው ይከርማሉ። ማን ይቀጥላል፣ ማን ይቀራል የሚለው ጉዳይ የወፎቹ ብቻ ምርጫ መሆኑ ከቀረ 30 ዓመት ሆኖታል።

ስለ ስሙ አንድ ነገር ልበል። ብዙዎቻችን ረጅም እግርና ረጅም አንገት ያለውን ወፍ ሁሉ ሽመላ ብለን እናልፋለን። ሽመላ ግን ሌላ ናት፤ ድምፅ የላትም ማለት ይቻላል፣ መንቁሯን እርስ በርስ እያጋጨች ታንቋቋለች እንጂ አትጮህም። ክሬን የሚጮኸው እንደ መለከት ነው፤ የአየር ቧንቧው በደረቱ አጥንት ውስጥ ተጠቅልሎ ስለሚያልፍ ጩኸቱ ከኪሎ ሜትሮች ርቀት ይሰማል። ቁመቱ ከአንድ ሜትር ያልፋል፤ ክንፉን ሲዘረጋ ከጫፍ ጫፍ ሁለት ሜትር ይሞላል። መልኩ አመድማ ሲሆን አናቱ ላይ ቀይ ምልክት አለው። በየከተማው ሕንፃ ላይ ብረት የሚያነሡት ክሬኖች ስማቸውን ያገኙት ከዚሁ ወፍ አንገት ነው። ጥቁሩ ዘውዳማ ክሬንና ጉትዬ ያንጠለጠለው ትልቁ ክሬን ዓመቱን ሙሉ በኢትዮጵያ የሚኖሩ ሲሆኑ፣ እዚህ የማወራው ስለ እንግዳው፣ ስለ ግራጫው ክሬን ነው።

የሰማዩ መንገድ ለኢትዮጵያ ሰዎች አዲስ አይደለም። በጎንደር አካባቢ የነበሩ የቤተ እስራኤል ልጆች ሽመላዎች በላያቸው ሲያልፉ ቀና ብለው ስለ ኢየሩሳሌም ደኅንነት ይጠይቋቸው ነበር። ልጆቹ ትክክል ነበሩ፤ ወፎቹ የሚያውቁት መንገድ በእውነትም በዚያ በኩል ነው የሚያልፈው። ዛሬ በአውሮፓ ጎጆ የሰሩ ክሬኖች እግር ላይ የሚታሰሩ ባለ ቀለም ቀለበቶችና ጀርባቸው ላይ የሚጫኑ ትናንሽ የሳተላይት መሣሪያዎች ያንኑ መስመር በካርታ ላይ ያሳያሉ። በኢስቶኒያ ረግረግ የተፈለፈለ ክሬን በኢትዮጵያ የእህል ማሳ ላይ ሲለቅም ተገኝቷል።

ማደሪያውን አስቀድመን እንየው፤ ምርጫው የሚጀምረው ከዚያ ነውና። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል ክሬኖቹ ከየማሳው ይነሣሉ። መጀመሪያ አባት፣ እናትና ልጅ ሆነው ይነሣሉ፤ ከዚያ ቤተሰቡ ከቤተሰብ ይገጥምና ሰማዩ ላይ ረጅም ረድፍ ይሆናል። ጩኸታቸው ሸለቆውን ይሞላዋል። ውሃው ላይ ሲደርሱ እግራቸውን ወደ ፊት ሰደድ፣ ክንፋቸውን ቀሰስ አድርገው ይወርዳሉ። ሌሊቱን ቆመው ያድራሉ፤ ብዙውን ጊዜም በአንድ እግር። የሚመርጡት ውሃ ብዙ ጊዜ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ለቀበሮ አንድ ስንዝር ውሃ ምኑም አይደለም፤ ሊያቋርጠው ይችላል። ድምፅ ሳያሰማ ግን ሊያቋርጠው አይችልም። ክሬን ውሃውን የሚፈልገው አጥር እንዲሆነው አይደለም፤ ዘብ እንዲቆምለት ነው።

ጥልቀቱ ካለፈ ወፉ መቆም አይችልም፤ ከደረቀም ዘቡ ተነሣ ማለት ነው። ዙሪያውም ገላጣ መሆን አለበት። ቁጥቋጦና ረጅም ሸምበቆ አድብቶ ለሚመጣ አውሬ መሸሸጊያ ስለሚሆን ክሬን ይርቀዋል። መንገድ፣ የመኪና መብራትና የኤሌክትሪክ ሽቦም ያሸሹታል፤ ስድስት ኪሎ የሚከብድ ወፍ በድንግዝግዝ ሲበር ቀጭን ሽቦ አይቶ ለመጠምዘዝ ጊዜ አያገኝም።

ይህ ሕግ በሌላ አህጉር በሌላ የክሬን ዝርያ ላይም ያው ነው። በአሜሪካ ነብራስካ በፕላት ወንዝ ላይ በየዓመቱ ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ከግማሽ ሚሊዮን የሚበልጡ ክሬኖች ያርፋሉ። ወንዙ ድሮ ሰፊ፣ ጥልቀት የሌለውና አሸዋማ ነበር፤ የበረዶ ውሃ በየዓመቱ እየመጣ በአሸዋው ላይ የበቀለውን ጠርጎ ይወስድ ነበር። ከላይ በኩል ግድቦችና የመስኖ ቦዮች ውሃውን ሲወስዱት ጠራጊ ጎርፍ ጠፋ። በአሸዋው ላይ ዛፍ በቀለ፤ ወንዙም ጠበበ። ክሬኖቹ የጠበበውን እየተዉ ሰፊ ሆኖ በቀረው ክፍል ተጨናነቁ። ዛሬ ሰዎች በየዓመቱ በከባድ ማሽን ዛፍ እየነቀሉ ወንዙን ገላጣ ለማድረግ ይደክማሉ። ለክሬን ብለው ዛፍ የሚነቅሉ የተፈጥሮ ጠባቂዎች መኖራቸው ለእኛ፣ ችግኝ መትከልን ብቻ የአካባቢ ጥበቃ አድርገን ለምናስብ፣ ግር የሚል ነገር ነው። ግን እውነት ነው፤ ገላጣ መሬትም የአንዳንድ ፍጥረት ቤት ነው።

አሁን ወደ መዋያው። ክሬን ሁሉን በላ ነው፤ ትል፣ አንበጣ፣ ሥራ ሥርና እንቁራሪት ሳይቀር ይበላል። በጉዞ ላይ ግን ከሁሉ በላይ የሚፈልገው ቃርሚያ ነው፤ ከአጨዳ በኋላ መሬት ላይ የቀረውን ፍሬ። በሁላ ይህ ቃርሚያ ኦቾሎኒ ነው። ኦቾሎኒ የሚሰበሰበው ክሬኖቹ በሚደርሱበት በመከር ወራት ሲሆን፣ ማሽኑ ነቅሎ ሲያልፍ ብዙ ፍሬ በአፈር ውስጥ ይቀራል። አንድ ቤተሰብ ክሬን እንዲህ ባለ ማሳ ላይ ሲለቅም ማየት ትዕግሥት ይጠይቃል። አባትየው አንገቱን አቁሞ ዙሪያውን ያያል፤ እናትየው መንቁሯን እስከ ግንባሯ አፈር ውስጥ ትቀብራለች፣ ታወዛውዛለች፣ ቅርፊቱን ይዛ ትወጣለች። አናቱ ገና ቡናማ የሆነው የዘንድሮ ልጅ ከጎኗ ቆሞ ይመለከታል። ሰብራ የጣለችውን ያነሣል፤ ከዚያ እርሱም አጠገቧ ያለውን አፈር ይወጋል፤ ባዶ መንቁር ይዞ ይነሣል፤ እንደገና ይወጋል።

ኦቾሎኒ ቅባት የበዛበት ፍሬ ነው፤ ለተጓዥ ወፍ ስንቅ ማለት ደግሞ ስብ ነው። ከሁላ እስከ ጣና ከ2,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ አብዛኛው መንገድ ሲናን፣ የግብፅን ምሥራቃዊ በረሃና የሱዳንን አሸዋ ያቋርጣል። በዚያ መንገድ ላይ ቃርሚያ የለም። ስለዚህ ሁላ ላይ የሚገኝ እያንዳንዱ ፍሬ በረሃው ላይ የሚነድ ነዳጅ ነው።

ርቀቱ የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ከባድ ወፍ ክንፉን እየመታ መብረር ብዙ ያስከፍለዋል። በሞቃት አየር ላይ ተንሳፍፎ ረጅም መንገድ መሄድ ሌላ ነገር ነው፤ ማለዳ፣ ምድሩ ሳይሞቅ፣ ከማደሪያ ወደ መዋያ የሚደረገው በረራ ግን በጉልበት ነው። ማታም እንዲሁ። ማሳው ሩቅ ከሆነ ቀን የተለቀመው ማታ በመንገድ ያልቃል። ለዚህ ነው ክሬኖች አብዛኛውን ጊዜ ከማደሪያቸው ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ርቀው ብቻ የሚውሉት። አሥር ኪሎ ሜትር ርቆ የሞላ ማሳ ቢኖር፣ ሁለት ኪሎ ሜትር ላይ ያለው መካከለኛ ማሳ ሊያሸንፈው ይችላል።

ተመራማሪዎች ይህን የሚያውቁት ወፎቹን በመቁጠር ብቻ አይደለም፤ ቁጥር ብቻውን ያሳስታል። አንድ ማሳ ላይ ሺህ ክሬን ስላየን ወፎቹ ያንን ሰብል መርጠዋል ማለት አይቻልም። ምናልባት ሸለቆው ሁሉ ያ ሰብል ሊሆን ይችላል። መረጠ የሚባለው፣ ከሸለቆው እርሻ አሥር በመቶው ብቻ ኦቾሎኒ ሆኖ ከመንጋው ግማሹ እዚያ ሲገኝ ነው። ማለትም ያለውንና የተያዘውን ማነጻጸር ያስፈልጋል። በኢየሩሳሌም ዕብራይስጥ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳትን እንቅስቃሴ የሚያጠናው የፕሮፌሰር ራን ናታን ቡድን ለብዙ ዓመታት ክሬኖች ላይ የጂፒኤስ መሣሪያ እየጫነ የተከታተለው እንዲህ ያለውን ነገር ለማወቅ ነው፦ ወፉ የት አደረ፣ የት ዋለ፣ ከየትኛው ማሳ ተባረረና ወዴት ሄደ።

እንግዲህ የሁላን ታሪክ በዚህ ዓይን ስናየው ልዩ ነገር ይታያል። ሸለቆው እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ ሐይቅና ሰፊ ረግረግ ነበረው፤ ፓፒረስ የሞላበት፣ ጎሽ የሚግጥበት፣ የወባ አገር። እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1958 ቀረን ካየመት የተባለው የአይሁድ ብሔራዊ ፈንድ ሐይቁን አደረቀው። ዓላማው የእርሻ መሬት ማግኘትና ወባን ማጥፋት ነበር። በጊዜው ትልቅ ድል ተብሎ ተከበረ። ነገር ግን ለሺህ ዓመታት የበሰበሰ ተክል የተከማቸበት ጥቁር አፈር ውሃው ሲሸሽ ደረቀ፣ ሰመጠ፣ ነፋስ አነሣው፤ ከመሬት በታች እሳት እየተቀጣጠለ ለማጥፋት አስቸገረ። ከአፈሩ የታጠበው ናይትሮጅን በዮርዳኖስ ወርዶ የገሊላ ባሕርን አሰጋ። በዓለም ላይ በዚህ ሸለቆ ብቻ የሚኖር አንድ የእንቁራሪት ዝርያ እንደጠፋ ተቆጠረ፤ እ.ኤ.አ. በ2011 በሕይወት መገኘቱ ለብዙዎች የደስታ እንባ ያመጣ ዜና ነበር።

ስለዚህ እ.ኤ.አ. በ1994 ከሸለቆው ትንሽ ክፍል እንደገና በውሃ እንዲሸፈን ተደረገ። አዲሱ ውሃ አጋሞን ተባለ፤ ትንሽ ሐይቅ እንደ ማለት ነው። ስፋቱ አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ጥልቀቱም ትንሽ ነው። ለክሬን ተብሎ አልተሠራም፤ አፈሩን ለማዳንና የገሊላን ውሃ ለመጠበቅ ነው። ነገር ግን ስንዝር ውሃ የሚፈልግ ወፍ ከላይ ሲያልፍ ያየው ሌላ ነገር ነው። ሐይቁ ሲደርቅ መዋያ ተፈጥሮ ነበር፤ አርባ ዓመት ሙሉ ኦቾሎኒ፣ በቆሎና ስንዴ የተዘራበት ሜዳ። ማደሪያ ግን አልነበረውም። አጋሞን ሲመጣ ማደሪያው በማሳው መካከል ተነጠፈ። በፊት ጥቂት ክሬኖች ብቻ ያርፉበት የነበረው ሸለቆ በጥቂት ዓመታት ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ወፎች አገር ሆነ።

እዚህ ላይ ገበሬው ጮኸ። ወፉ ቃርሚያውን ሲጨርስ ወደ አዲሱ ዘር ዞረ፤ የበቀለ ሽምብራና የተዘራ ስንዴ እየነቀለ በላ። ያልተሰበሰበ ኦቾሎኒም አልማረም። ልጅ ሆኜ ማማ ላይ ወጥቼ ወንጭፍ ይዤ ማሽላ ጠብቄአለሁና የገበሬውን ልብ አውቀዋለሁ። ወፍ ስትነሣ ታያለህ፤ ከዚህ ማሳ ተባርራ የጎረቤትህ ማሳ ላይ ስታርፍም ታያለህ። ጥበቃ ወፉን ያንቀሳቅሰዋል እንጂ ረሃቡን አያጠፋውም። በሁላም የሆነው ይኸው ነው፦ ጠባቂዎች በመኪናና በድምፅ ከአንዱ እርሻ ሲያባርሩት ክሬኑ በሌላው ላይ ያርፋል፤ እየበረረ ስለሚውልም የበለጠ ይበላል።

ከብዙ ንግግር በኋላ ገበሬዎች፣ የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበርተኞችና መንግሥት የተስማሙበት መፍትሔ ለክሬኖቹ ድግስ መደገስ ነበር። አንድ ሰፊ ሜዳ ተለይቶ ቀዝቃዛው ወቅት ሲገባ በየቀኑ በትራክተር በቆሎ ይረጭላቸዋል። በሌሎች ማሳዎች ላይ ደግሞ ጥበቃው ይጠነክራል። የሚገርም ትዕይንት ነው። ክሬን ከሰው ይሸሻል፤ በእግሩ የሚመጣ ሰው ከሩቅ ሲያይ ይነሣል። ትራክተሩን ግን አይሸሽም፤ ይከተለዋል። ጎብኚዎችም ይህን ተጠቅመው፣ ትራክተር በሚጎትተው ረጅም ተሳቢ ውስጥ በዝምታ ተቀምጠው ወደ መንጋው መሐል ይገባሉ። ወፉ በጥቂት ሜትሮች ርቀት ይለቅማል፤ ቀይ ዓይኑ ይታያል።

መፍትሔው ሠርቷል፤ የሰብሉ ጉዳት ቀነሰ፣ ጎብኚው በዛ። ይህን መካድ አይገባም። መጀመሪያ ላይ በጎ የተባለውን ሥራ ዋጋ ግን ዛሬ መቁጠር ግድ ነው። ሁለት ዋጋዎች አሉ።

የመጀመሪያው ጉዞው ራሱ ነው። ሁላ ለክሬኖች ማረፊያ ነበር፤ ለብዙዎቹ አሁን መድረሻ ሆኗል። ማደሪያና መዋያ አንድ ላይ ሲሆኑ፣ መዋያውም በትራክተር ሲሞላ፣ በረሃ ለማቋረጥ ምን ምክንያት አለ? የምግብ ሥርጭቱን የሚመሩት ሰዎች ይህን ያውቃሉ፤ ለዚህም ነው በመከር ወራት መርጨት የማይጀምሩት፣ ወደ አፍሪካ የሚሄደው እንዲሄድ ጊዜ ለመስጠት። ጥሩ ጥንቃቄ ነው። ሆኖም ቦታውን የሚያውቅ ወፍ ትራክተሩ እንደሚመጣም ያውቃል።

ክሬን መንገድን የሚያውቀው በደም ብቻ አይደለም፤ ይማራል። ልጁ የመጀመሪያውን ጉዞ ከወላጆቹ ጋር ይበርራል፤ የት እንደሚታደርና የት እንደሚዋል ከእነርሱ ያያል። በሰሜን አሜሪካ ከመጥፋት አፋፍ የተረፈው ነጭ ክሬን ይህን በሚገባ አሳይቷል። እ.ኤ.አ. በ1941 ከሁለት ደርዘን ያነሱ ነጭ ክሬኖች ብቻ ቀርተው ነበር። ሰዎች ሌላ መንጋ ለማቋቋም በእንክብካቤ ያሳደጓቸው ጫጩቶች መንገድ የሚያሳያቸው ወላጅ ስላልነበራቸው፣ እ.ኤ.አ. ከ2001 ጀምሮ ለብዙ ዓመታት ነጭ ልብስ የለበሱ አብራሪዎች በትንንሽ አውሮፕላን እየመሩ ከዊስኮንሲን እስከ ፍሎሪዳ አደረሷቸው። አንድ ጊዜ ከተመሩ በኋላ ተመልሰው የሄዱት ራሳቸው ነበሩ። እንግዲህ በሁላ የከረመ ቤተሰብ ልጅ የሚማረው ምንድን ነው? በቆሎ የሚረጭበትን ሜዳ ነው። ሲናን፣ የዓባይን ሸለቆና የጣናን ዳር አያይም። ለልጆቹም የሚያሳያቸው የሚያውቀውን ነው። በጂፒኤስ ከተከታተሏቸው ክሬኖች ውስጥ ዛሬም ወደ ኢትዮጵያ የሚዘልቁ አሉና መንገዱ አልጠፋም። በእያንዳንዱ ቤተሰብ ውስጥ ግን በአንድ ትውልድ ሊቆረጥ የሚችል ክር ነው።

ሁለተኛው ዋጋ የመጣው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 ነው። ኤች 5 ኤን 1 የተባለው የወፍ ጉንፋን ሁላ ገባ። በሸለቆው ከ30,000 በላይ ክሬኖች ነበሩ፤ ሁሉም የሚያድሩት በአንድ ውሃ ውስጥ፣ ብዙዎቹ የሚለቅሙት ከአንድ ሜዳ ላይ ነበር። ወደ 8,000 የሚጠጉ ክሬኖች ሞቱ። ነጭ መከላከያ ልብስ የለበሱ ሠራተኞች ጉልበታቸው ድረስ ውሃ ውስጥ ገብተው አንድ በአንድ ሬሳ ሰበሰቡ። በአካባቢው በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የእንቁላል ዶሮዎች እንዲወገዱ ተደረገ። በአገሪቱ ታሪክ በዱር እንስሳት ላይ ከደረሱት አደጋዎች ሁሉ የከፋ ተባለ።

የባለሥልጣናቱን ጭንቀት ልብ በሉ። በቆሎውን ቢያቆሙ የታመመው ወፍ ምግብ ፍለጋ ወደ ዶሮ እርባታዎችና ወደ ሌሎች ውሃዎች ይበተናል። ቢቀጥሉ ጤነኛው ከታመመው ጋር ትከሻ ለትከሻ ይለቅማል። በዚያች ሳምንት ትክክለኛ መልስ አልነበረም፤ መልሱ መገኘት የነበረበት ከሃያ ዓመት በፊት ነው፣ ሁሉም እንቁላል በአንድ ቅርጫት ሳይገባ በፊት።

ሥነ ሕይወት ይህን ወጥመድ ብሎ ይጠራዋል። ወፉ ቤት የሚመርጠው አባቶቹን ባዳነ ምልክት ነው፤ ስንዝር ውሃ፣ ገላጣ ዙሪያ፣ ቅርብ ቃርሚያ። ምልክቶቹ ሁሉ ትክክል ሆነው ቦታው ግን ገዳይ ሊሆን ይችላል፤ የሚገድለው ነገር ከምልክቶቹ ውስጥ የለምና። ቫይረስ አይታይም፤ ብዛት ደግሞ ለክሬን የደኅንነት ምልክት ነው። ስለዚህ ብዙ ወፍ የተሰበሰበበትን ቦታ ሁሉ ጥሩ መኖሪያ ነው ብሎ መደምደም ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በ2025 መከር በሰሜን ምሥራቅ ጀርመን፣ ክሬኖች በጉዟቸው መካከል በብዛት በሚያድሩባቸው ረግረጎች ላይ ያው በሽታ በሺህ የሚቆጠሩትን ገድሏል። እዚያም መጨናነቅ ነበር፤ ረግረጎች በየቦታው ደርቀው የቀሩት ማደሪያዎች ጥቂት ስለሆኑ።

እኔ በበኩሌ ክርክሩ መመገብ ወይስ አለመመገብ በሚለው ላይ መቆሙ አይገባኝም። የክሬንን ምርጫ የሚወስነው በማደሪያና በመዋያ መካከል ያለው ርቀት ከሆነ፣ ማስተካከል የምንችለውም ያንኑ ነው። አንድ ትልቅ ማደሪያ ከመያዝ በየአሥር ኪሎ ሜትሩ ትንንሽ ስንዝር ውሃዎች መኖራቸው ይሻላል፤ መንጋው ይበተናል፣ በሽታም ከአንዱ ወደ ሌላው ለመዝለል ይቸገራል። በሁላና ከእርሱ በታች ባሉት ሸለቆዎች የዓሣ ኩሬዎች ሞልተዋል፤ ዓሣ ሲሰበሰብና ውሃው ሲወርድ የተወሰኑትን ለጥቂት ሳምንታት እንዲሁ መተው ማደሪያ መስጠት ነው። ቃርሚያም እንዲሁ። ገበሬ ኦቾሎኒውን እንደሰበሰበ በማግስቱ ካረሰ ፍሬው ከአፈር በታች ይቀራል፤ ሦስት ሳምንት ከቆየ ግን ወፉ ለቅሞ፣ ወፍሮ፣ መንገዱን ይቀጥላል። ለዚህ መቆየት ለገበሬው መክፈል በቆሎ ገዝቶ ከመርጨት የሚከብድ አይመስለኝም፤ ደግሞ ክፍያው የሚሄደው ጉዞን ለሚያግዝ ነገር ነው።

በዚህ ሁሉ ላይ ጦርነቱ ተጨመረ። ሁላ ለሊባኖስ ድንበር ቅርብ ነው፤ ከጥቅምት 2023 በኋላ በድንበሩ አካባቢ የነበሩ ነዋሪዎች ቤታቸውን ለቀው ሲወጡ የእርሻው ሥራም ተናጋ። ወፎቹ ጥቅምት በመጣ ቁጥር መምጣታቸውን አልተዉም።

በመንገዱ ሌላ ጫፍ ያለን እኛ ይህን እንደ ሩቅ አገር ወሬ ማየት የለብንም። ክሬኖቹ ወደ ኢትዮጵያ የሚደርሱት ጤፍና ሌላው እህል በሚታጨድበት ወቅት ነው፤ በቢሾፍቱ ጨለለቃ ውሃ ላይ፣ በጣና ዙሪያ በፎገራና በደንቢያ ሜዳዎች ይታያሉ። በእኛ ዘንድ የሚረጭላቸው የለም። ቀን በማሳና በአውድማ ዙሪያ የወደቀውን ይለቅማሉ፣ ማታ ሐይቁ ዳር ስንዝር ውሃ ይፈልጋሉ። ያው ሁለት ቤት፣ ያው ርቀት።

በጣና ማደሪያው ከሁለት በኩል እየጠበበ ነው። ክረምት አልፎ ውሃው ሲያፈገፍግ የሚገለጠው ባሕር ሸሽ መሬት ወዲያው ይታረሳል፤ ገበሬው መሬት አጥሮታልና ልንፈርድበት አንችልም። ከውሃው በኩል ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ የታየው እንቦጭ አለ፤ የሚበዛው ማዕበል በማይበረታበት፣ ጥልቀት በሌለው ዳርቻ ላይ ነው፤ ማለትም ክሬን በሚያድርበት። ዩኔስኮ ጣናን እ.ኤ.አ. በ2015 በባዮስፌር ጥብቅ ቦታነት መዝግቦታል፤ ናቡ የተባለው የጀርመን የተፈጥሮ ጥበቃ ማኅበርም ለዚህ ሥራ ደግፏል፤ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲው የወፍ ተመራማሪ ሽመልስ አይናለምና ባልደረቦቹ በሐይቁ ዙሪያ ክሬኖችን ቆጥረዋል። እንቦጭ በሰው ጉልበትና በማሽን ሲነቀል አሣ አጥማጁና ታንኳው ይታሰባሉ፤ ተገቢም ነው። ከነዚያ ዳርቻዎች ጥቂቶቹን ግን ክሬኖች ከሚያድሩባቸው ውስጥ መርጦ፣ ከጥቅምት በፊት ማጽዳትና እስከ መጋቢት ከእርሻ ነፃ አድርጎ ማቆየት ይቻላል። ወፎቹ የት እንደሚያድሩ ለማወቅ ረጅም ጥናት አያስፈልግም፤ የፎገራ እረኛ ማታ ማታ ጩኸታቸው ወዴት እንደሚወርድ ያውቃል።

በህዳር አንድ ምሽት ከደንቢያ ማሳዎች የሚነሣ መንጋ ውስጥ በሁላ ያለፈ ወፍ ይኖራል፤ ትራክተሩ በቆሎ ይዞ ከመምጣቱ በፊት የተነሣ። ልጁ ከጎኑ ይበራል፤ አናቱ ገና ቡናማ ነው። ሁለቱም አንገታቸውን ዘርግተው ከታች ባለው አረንጓዴ ምንጣፍ ላይ ይዞራሉ፤ የሚፈልጉት ክፍት ቦታ ነው።